የወንዝ ነው የባሕር?

ጥርስ ሠሪዋ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሐኪሞቹ የታካሚውን የድድ ልክ ወስደው ይልኩላታል፤ እሷ ጄሶ አፍስሳ፣ በሰም ቀርጻ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ትደረድራለች። «ስንቱን ድዳም አስቄያለሁ፣ አንዱም መንገድ ላይ አያውቀኝም» እያለች ትቀልዳለች። ትዳሯ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ልጅም የላትም። ያላት አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ ባሕር ዳርቻ።

የተወለዱት እዚያው ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ አሥራ ሁለት፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እሱ ወደብ ገብቶ ጭነት መሸከም ጀመረ፤ እሷን ከመሀል አገር አክስታቸው ዘንድ ለትምህርት ላካት። አልሄድም ብላ ስታለቅስ፣ «ሂጂ ተማሪ፤ ባሕሩም እኔም የትም አንሄድም» አላት። ሄደች፤ ተማረች፤ ሥራ ያዘች። ለመጨረሻ ጊዜ ባሕሩን ካየች አሥራ አንድ ዓመት አለፋት።

አንድ ቀን ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ ደወለ። «ሚጢ፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። መርከብ ይሁን ደመና አልለይም።» ሞራው የሚገፈፈው እሷ ባለችበት ከተማ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ከአራት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተያዘ።

ስልኩን ስትዘጋ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጋሼ ፋሻው ሲፈታለት፣ ቤቷ ውስጥ ባሕር ይጠብቀው!

ከሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ የምታልፈው፣ በጸጉር ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መሀል የተሸጎጠ፣ በመስታወት ገንዳ የሚኖር የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባለሱቋ እጅጌዋ ምንጊዜም እንደረጠበ ነው።

«የወንዝ ነው የባሕር?» አለቻት ገና ከመግባቷ።

«የባሕር! በአራት ሳምንት ይደርሳል?»

ባለሱቋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እህቴ፣ መሸጥ ሥራዬ ነው፤ ግን አልዋሽሽም። የባሕሩ አመለኛ ነው። ጨው በልክ በጥብጠሽ፣ ድንጋዩን አስገብተሽ፣ ውሃው ዓሣ ለማኖር እስኪበስል ወር ከምናምን ባዶውን ትጠብቂያለሽ። ቸኩለሽ ዓሣ ከጨመርሽበት ያልቅብሻል። ከዚያም ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ በየቀኑ እየለካሽ ንጹሕ ውሃ ትጨምሪበታለሽ። የወንዙ ታጋሽ ነው። ከእኔ ገንዳ የቆየ የማጣሪያ ስፖንጅ እሰጥሻለሁ፤ ውሃውን ቶሎ ያደርሰዋል።»

ጥርስ ሠሪዋ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ከባሕሩ ገንዳ ውስጥ አንድ ቢጫ ዓሣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሾልካል። ባሕሩ ሲሸሽ በቋጥኞቹ መሀል በሚቀረው ኩሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓሣ ይታይ ነበር፤ በሆዷ ተኝታ ስታይ ጋሼ እንዳትወድቅ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ ይይዛታል። ያ የእጁ ጉተታ ወገቧ ላይ አሁንም ያለ መሰላት።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ያስቆረጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋሼ ዓይን ገና ሲከፈት ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ እንዳያይ። አንገቷን ደፍታ የወንዙን ገንዳ፣ ጥቂት ቅጠልና ስምንት ትንንሽ ጅራታም ዓሦች ይዛ ወጣች።

ወንድሟ ከአውቶቡስ ሲወርድ በድምፅዋ ነው የለያት። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ገባ፤ ሞራውም ተገፈፈለት። ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቱ እሷ ቆማለች። ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

«ምነው ጋሼ? አልታየህም?»

«ታይቶኛል። መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንተ ሳታየኝ» አለች፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ሲያልቅ እጇን አልለቀቀም።

ቤት ሲደርሱ ገንዳውን አሳየችው። «የባሕሩን ነበር ያሰብኩልህ፤ ጊዜ አጠረኝ» አለች እንደ ጥፋተኛ።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ከመስታወቱ አጣበቀ። «የባሕሩን ምን ላድርገው? የቤቴን በር ማጠፊያ በልቶ የጨረሰ ጨው! ሚጢ ትሙት፣ ሳልበላው ቁጭ ብዬ ያየሁት ዓሣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አሥራ ስምንት ቀን ያህል ከዚያ ወንበር አልተነሣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ደወለና፣ «ወለደች!» ብሎ ጮኸ።

«ማን?»

«ወፍራሟ ናታ! ሻርክ ሲወልድ አውቃለሁ፤ የጣት ቁራጭ ስትወልድ ግን አይቼ አላውቅም!» ባልደረቦቿ ሁሉ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያሉ ሳቁባት።

በሚሄድበት ቀን ዋዜማ ማታ፣ እራት በልተው ሳሉ፣ «ባሕሩን የፈለግሽው ለእኔ አልነበረም፤ አይደል?» አላት።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተወኝ እባክህ።»

«እሺ። ብቻ ባሕሩም እኔም የትም አንሄድም ያልኩሽ ድሮ ነው። ባሕሩን እንጃ፤ እኔ ግን ተራዬ እየደረሰ ነው። ነይ።»

እመጣለሁ አለችው። ከልቧም ነበር። ሥራ ቦታዋ ግን ተተኪ እስኪገኝ ሁለት ወር ጠብቂ ተባለች፤ ሁለቱ ወር አራት ሆነ። ያንን ወንበር ከገንዳው ፊት አላነሣችውም፤ እሷም አትቀመጥበትም። ዓሦቹን ቆማ ታበላቸዋለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስትደውልለት ስለ ዓሣ ጫጩቶቹ ጠየቃት፤ ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ጋሼ፣ ስልኩን ወደ መስኮት አስጠጋልኝ» አለችው።

«በእኔ መስኮት የሚሰማው የጋራዥ መዶሻ ነው። ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ።»

እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እሱ ሄደ። በር ሲጢጥ ሲል፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ከዚያ እያለከለከ፣ «ይኸው ባሕሩ ጋ ደረስኩ። ሰማሽ?» አላት።

ነፋሱ ስልኩን ሞልቶት ሌላ የሚለይ ነገር አልነበረም፤ ከነፋሱ በላይ የሚሰማው የወንድሟ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ሰማሁ» አለች። «ትንሽ ቆይ። አትዝጋው።»