ፎርሙ ላይ የጻፍኩት ስም

ስለ ስደት የሚያወራ ሰው ሁሉ የወጣው በሌሊት ነው። እኔ ከኮልፌ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ለሻንጣዬም የአንድ ሰው ሒሳብ ካልከፈልሽ ብሎ ያዘኝ። ልከራከረው ስል እናቴ፣ እማዬ፣ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ክፈይው፤ ዛሬ ከማንም ጋር አትጣዪ» አለችኝ። ለሻንጣው ከፍዬ ሄድኩ። እንግዲህ ስደቴ የጀመረው ለማይቀመጥ ነገር የወንበር ዋጋ በመክፈል ነው።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለትኬትና ለደላላ የሚሆን ብር ከጨርቅ ነጋዴው ከጋሽ ከድር ተበድረን ነበር። ጋሽ ከድር ብሩን ከመሳቢያው ሳያወጣ «ዋስሽ ማነው?» አለኝ። እማዬ «እኔ ነኝ» አለች። ፊቷን ትክ ብሎ አያትና «ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ካሉ ሌላ ሰው አልፈልግም» አላት። እሷም ስሟን እንደ ጥልፍ ቀስ ብላ ጻፈች። ዋስ ማለት ለእኛ ይኼ ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋ በሩ የሚንኳኳው የዋሱ ነው።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። እማዬ ጴንጤ ናት፤ ያውም የምሯን። በቤታችን «የለችም በይ» የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ የማልፈልገው ልጅ በራችንን ሲያንኳኳ «እባክሽ የለችም በይው» ብያት፣ ወጥታ «አለች፤ ግን ልታይህ አልፈለገችም» አለችው። ለአንድ ወር በዚያ መንገድ ማለፍ አፈርኩ።

ዱባይ ስደርስ ሙቀቱ ልክ ከድስት ላይ ክዳን ሲነሳ እንደሚወጣው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። የኮልፌን የሐምሌ ጭቃ ስረግም የኖርኩ ሰው፣ በሁለተኛው ቀን ጭቃው ናፈቀኝ። ዳቦው ለስላሳ ነው፤ አያጠግብም። አሳንሰር ውስጥ ዐሥር ሰው ሆናችሁ ቆማችሁ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የለም። እኔ ብዬ ነበር፤ ሁሉም ስልኩን አወጣ።

የምተኛው ቤድ ስፔስ በሚሉት፣ ማለትም በአንድ ክፍል ውስጥ ከስድስቱ አልጋዎች አንዱ ላይ ነበር። አከራያችን ማዳም ግሬስ «የመስኮቱ ጎን ሃምሳ ድርሃም ይጨምራል» አለችኝ።

«መስኮቱ እኮ በቀለም ተደፍኗል» አልኳት።

«ቢሆንም መስኮት ነው።»

«አይከፈትም እኮ።»

«ቢከፈት ሙቀት ይገባብሻል። የማይከፈት መስኮት እንዲያውም ይበልጣል። ሰባ ማለት ነበረብኝ።»

ቶሎ ብዬ ሃምሳውን ከፈልኩ።

ትልቅ ሞል ውስጥ ሽቶ መሸጥ ጀመርኩ። የጋሽ ከድርን ብር በዘጠኝ ወር ከፍዬ ጨረስኩ። እማዬ ደውላ «ዋስነቴን ከትከሻዬ አወረድሽልኝ፤ ተባረኪ» ስትለኝ ከደስታዬ ብዛት ሽቶ መደርደሪያው ሥር ተደብቄ አለቀስኩ። ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ሚስተር ራቪ የሚባል ሱፍ ለባሽ ክሬዲት ካርድ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት መጥቶ ለሙከራ ከተቀመጠው ሽቶ በነፃ ይረጭና «ሲስተር፣ መቼ ነው ካርድ የማወጣልሽ?» ይላል። አንድ ቀን ፎርሙን ይዞ መጣ።

«ዋስ የለኝም» አልኩት።

«ዋስሽ ደሞዝሽ ነው። እዚህ ላይ ብቻ አገር ቤት የሚያውቅሽን ሰው ስምና ስልክ ጻፊ።»

«ዋስ ማለት ነው?»

«አይደለም። ሪፈረንስ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሰዓቱን አየ። «ሪፈረንስ አይከፍልም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ስልክ ያነሳል።»

የእማዬን ስምና ስልክ ጻፍኩ። ከእሷ ሌላ ማንን ልጻፍ?

እኛ ሰፈር ዱቤ ስትወስዱ ባለሱቁ ደብተሩን ከመግለጡ በፊት ፊታችሁን ያያል። ስኳር ለመውሰድ ሄዳችሁ በዚያ አስተያየት ጨው ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ካርዱ ግን ዓይን የለውም። ጫማ ስገዛ ዝም አለ። ስልክ ስቀይር ዝም አለ። ይኼ ዝምታ እምነት መሰለኝ። ያለ ዋስ ያበደረኝ ስላመነኝ ነው ብዬ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ኮራሁ።

ከዚያ ለእማዬ ፍሪጅ ገዛሁላት፤ እዚህ ሲከፈላቸው አዲስ አበባ የሚያስረክቡ አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣ እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ ስስቅ ሰነበትኩ። ስደውልላት «ድምፁ ያስፈራኛል፤ ሰው ጥግ ይዞ የሚያጉረመርም ይመስለኛል» አለች። ነቅላው፣ ዳንቴል አልብሳው፣ ውስጡ መጽሐፍ ቅዱሷንና ነጠላዋን አስቀምጣለች። «አይጥ አይደርስበትም» አለችኝ። ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው ግን እኔ ያልሰማሁትን እሷ ሰምታ ነበር።

እኅቶቼ፣ ሚኒመም ከሚሉት ነገር ተጠንቀቁ። በየወሩ ትንሽ ከከፈላችሁ ማንም አይነካችሁም፤ እናንተም የከፈላችሁ ይመስላችኋል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ከፍዬ ሳየው ዕዳው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብዬ ለበዓል የምልከው ሲያጥረኝ በዚያው ካርድ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ አወጣሁ። ጥሬ ገንዘብ ወለዱ ከዚያችው ቀን እንደሚጀምር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ሱቁ ግማሾቻችንን ቀነሰ። ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ተቀመጥኩ፤ ስልኩም መጮኽ ጀመረ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በዐረብኛ፣ በመጨረሻ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ። ዕዳ የሚያስመልስ ድርጅት የቀጠራት ሐበሻ ናት፤ ስሜ ሊሊ ነው ትላለች።

«እኅት ሰናይት፣ ዛሬስ ምን ልበላቸው?»

«ሥራ እየፈለገች ነው በያቸው።»

«ትናንትም እንደዚያ ነው ያልኳቸው።»

«ትናንትም እየፈለግኩ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። «አትቀየሚኝ፤ ካላስከፈልኩ የእኔም ደሞዝ ይጎድላል» አለች።

«አንቺስ ካርድ አለሽ?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሁለት» አለች።

በሁለተኛው ወር እማዬ ደወለች። እሷ መደወል አትወድም፤ ስለዚህ ቶሎ አነሳሁት።

«አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ጨዋ ናት፤ ‹እማማ እንዴት ነዎት› ትላለች። ስምዎ ባንክ ተጽፏል አለችኝ። መቼ ነው የፈረምኩት?»

«አልፈረምሽም እማዬ። ሪፈረንስ ነው፤ ዋስ አይደለም።»

«ስሜን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

«ገንዘቡን ማን ወሰደው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ዋስ ነኝ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ እሱ ነው የገደለኝ። «ፍሪጁን ለስላሳ የሚሸጠው ልጅ ሊወስደው ተስማምተናል። አታልቅሺ፣ እኔ እንደሆነ አላበራሁትም።»

በዚያው ቀን ሲም ካርዱን አውጥቼ ሰበርኩት። መስበር የነበረብኝ ሌላኛውን ካርድ ነበር፤ ያውም ከሁለት ዓመት በፊት። ዕዳውን ጨርሼ ብቻ ነው ለእማዬ የምደውለው ብዬ ማልኩ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ገባሁ፤ ከሰው ጋር መነጋገር ተውኩ። የማንም ስልክ ሲጮኽ ኮልፌ፣ ቤታችን የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ከውጭ የሚመጣ ቁጥር ስታይ የምትሆነውን አውቃለሁ፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ልጄ ናት!» ብላ ትሮጣለች። እኔን ብላ አንስታ የምታገኘው ሊሊን ነው። ሊሊም «እማማ እንዴት ነዎት» ትላለች። የሚያጥበው ማሽን ሲያጉረመርም እንኳን ይኼው ነበር የሚታየኝ። ዐሥር ወር አልደወልኩም። ዐሥር ወር።

ትንሽ ገንዘብ ሳጠራቅም ዕዳውን በየወሩ እንዲከፋፍሉልኝ ልለምን ባንኩ ሄድኩ። ሰውየው መታወቂያዬን ይዞ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ።

«ማዳም፣ ይህች ሴት ሞታለች።»

«የትኛዋ?»

«ሰናይት።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ይገባኛል። እዚህ ግን ሞተዋል።»

«ማነው ያለው?»

«ሪፈረንስዎ። በስልክ፣ ከአምስት ወር በፊት።»

ወንበሩን ያዝኩት። «ታዲያ ዕዳው?»

«የሞት ወረቀት እስኪመጣ ይቀጥላል።»

«ወለዱስ?»

«እሱም።»

«ሞቼም?»

«ወረቀቱ አልመጣማ» አለ፣ ጥፋቱ የእኔ የሆነ ያህል። «ሪፈረንስዎን እየጠየቅናቸው ነው።»

በሕይወት መኖሬን የሚገልጽ ፎርም ሞልቼ ፈረምኩ። ክፍያውን ከፋፈለልኝ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ያኔ በሩ ላይ «አለች» ያለችው እናቴ፣ እንዲተዉኝ ስትል ሞታለች ብላለች። ካሁን በኋላ መዋሸት እንደሌለባት ልንገራት፣ ይቅርታ ልለምናት፣ እሷ በማታውቀው አዲስ ቁጥሬ እዚያው ባንኩ በር ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«ሄሎ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«አንቺ ነሽ ልጄ?» አለች። አወቀችኝ ብዬ ነበር። «ስለ ወረቀቱ እንደሆነ አልሆነልኝም። ወረዳ ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። አንዴ በአፌ ገድያታለሁ፤ በወረቀት አልደግመውም። ከዚያን ቀን ወዲህ በኅብረት ጸሎት ላይ አፌን ከፍቼ መጸለይ አልቻልኩም።»

ሊሊ መስያታለሁ። እኔ ነኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«አንቺም እንጀራሽ ሆኖብሽ ነው፤ አልቀየምሽም» አለች። «እናት አለችሽ?»

«አለችኝ» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ትንፋሿ ይሰማኛል። ድምፄን አውቃው፣ ባንኩ ይሰማናል ብላ ፈርታ እንዳላወቀች ሆና እንደሆነ፣ እስካሁን አላውቅም።

«እንግዲያው ደውይላት» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምንም ዕዳ ይኑርብሽ፣ ደውይላት።»

ስልኩን ዘጋችው። እንዳለችኝ፣ አሁን እንደ ልጇ፣ መልሼ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሳችውም።