በር ሲንኳኳ የምንለው

እናቴ ከጂዳ ስትሸኘኝ የሰጠችኝ ምክር አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ይህን ብላ ሻንጣዬን ዘጋች። የሌላ ሰው ልጅ «በርቺ፣ አጥኚ» ተብላ ትሸኛለች፤ እኔ በምንጠራ ተሸኘሁ። እናቴ አዲስ አበባን የምታውቃት ከወሎ ወጥታ ወደ ዓረብ አገር ስታልፍ ለአንድ ሳምንት ነው፤ በዚያች ሳምንት ጫማዋ ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሕዝብ በሙሉ በዚያ ጫማ እንደተጠረጠረ ነው።

የተወለድኩትም ያደግሁትም ጂዳ ነው። እዚያ የፈለግሽውን ያህል ብትኖሪ እንግዳ ነሽ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ለእኛ ቢጤው የሚቀጥለው በር ጠበበ። «አገርሽ ሄደሽ ተማሪ» ተባልኩ። አገሬን አይቻት አላውቅም። ፓስፖርቴ ላይ ስሟ አለ፣ እናቴ አፍ ላይ አማርኛዋ አለ፣ በቃ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ፣ ሰው አገር ለትምህርት እንደሄደ ተማሪ ነበርኩ። የሚገርመው ሁሉም አማርኛ ይናገራል፤ እኔ ግን ግማሹ አይገባኝም። ኮሌጅ በገባሁ ዕለት አንዱ «ጀለሴ» ሲለኝ ስድብ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ዘጋሁት።

አባቴ ምክር አልሰጠኝም። የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየታጠበ ቤት ይውላል። ዕድሜውን የጨረሰው ኢቃማ በሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ነው፤ ታደሰ፣ አልታደሰም እያለ። «የተማሪ መታወቂያ ሲሰጡሽ ፎቶ እንዳትልኪልኝ» አለኝ። «በቪዲዮ ደውለሽ፣ በእጅሽ ይዘሽ አሳዪኝ። ገልብጠሽ ጀርባውንም።» ጀርባው ላይ ምን አለ ስለው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ የደህና ሰው መታወቂያ ጀርባ አለው» አለ። የመጣሁት ያችን ካርድ ለእሱ ላሳይ ነው ብል አልዋሸሁም።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ባንክ ከምትሠራ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። «እትዬ በዪኝ» አሉኝ፤ አልኩ። ነገረ ሥራቸው ሁሉ ደግ ነበር፤ ያስጠረጠረኝም እሱ ነው። ልብስሽን ልጠብልሽ ሲሉኝ ኪሴን ሊፈትሹ ነው አልኩ። ማታ ማታ ደግሞ ሳይሰለቹ «አባትሽ እንዴት ዋሉ?» ይሉኛል። ሰው አይቶት የማያውቀውን ሰው ጤና በየቀኑ ምን ያስጠይቀዋል? ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል አልኩ በሆዴ። የሻንጣዬን ዚፕ በክር አስሬ ቋጠሮውን ጠዋት ጠዋት አየው ነበር። ተፈትቶ አያውቅም። ይኼም አላስተኛኝም፤ ፈትቶ እንዲህ አስተካክሎ መልሶ የሚያስር እጅ ቀላል እጅ አይደለም።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ በር ተንኳኳ። እትዬ ወጥ ቤት ስለነበሩ እኔ ከፈትኩ። ኮት የለበሱ ሽማግሌ ትልቅ መዝገብ በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

ጂዳ፣ መዝገብ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ኢቃማ የሚጠይቅ ነው። የአባቴ ወረቀት ሳይታደስ የቆየበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ በር ሲንኳኳ የምንለው ቃል አንድ ነው። ልጅ ስለሆንኩ የምከፍተው እኔ ነኝ። «አባትሽስ?» ሲሉኝ «ማፊ» እላለሁ፤ የለም ማለት ነው። አባቴ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ሰዎቹ ሲሄዱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ «እኔ እንኳ አመንኩሽ» ብሎ ይስቃል። የቤታችን ጨዋታ ነበር፤ ጨዋታ እንዲመስለኝ ያደረገው እሱ ነው።

ሽማግሌው የብሎኩ እድር ጸሐፊ ነኝ አሉ። እድር ሲባል ገና መስማቴ መሆኑን ሲያዩ፣ ሰው ሲሞት ጎረቤት የሚረዳዳበት ማኅበር ነው ብለው አስረዱኝ። እትዬ እንደ ቤተሰባቸው አስመዝግበውኛልና ስለ ዘመዶቼ ጥቂት ሊጠይቁኝ ነው። ሰው በመጣ በሦስተኛ ቀኑ ስለ ሞት ይጠየቃል እንዴ? ስሜን ሰጠሁ። እናትሽ አሉ? አሉ። ወንድም፣ እህት? የለኝም። «አባትሽስ አሉ?»

አፌ ቀደመኝ። «የሉም» አልኩ።

ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን ያዝ አደረጉና «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። ማፊ በአማርኛ ስትሆን ምን እንደምትሆን ያን ጊዜ ገባኝ። እድር ፊት «አሉ ወይ?» ሲባል ቤት ናቸው ወይ ማለት አይደለም። አይ፣ አባቴ በሕይወት አለ ማለት ነበረብኝ። አላረምኳቸውም። የለም የተባለን ሰው ማን ይፈልገዋል ብዬ፣ እንዲያውም ብልጠት መሰለኝ።

ሰኞ ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ሲስቅ ሳል አፈነው። «እኔ እንኳ አመንኩሽ በያቸው» አለኝ፤ ከዚያ ካርዱ መቼ ነው የሚሰጠው ብሎ ጠየቀኝ። ረቡዕ አልኩት።

ማክሰኞ ከኮሌጅ ስመለስ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ ስገባ ወሬው ቆመ። የእትዬ ዓይን ቀልቷል፤ «ሽንኩርት ነው» አሉ። ወጥ ቤት ገብቼ አየሁ፤ የተላጠ ሽንኩርት የለም። ትንሽ ቆይተው ስልኬን ለአንድ አፍታ ብለው ወሰዱና ወደ ደረጃው ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደረጃው ላይ ወድቆ ተሰበረ፣ ሜክሲኮ ለሚጠግን ሰው ላክሁት አሉ። ያ ደረጃ ሲሚንቶ ነው፤ ማንኪያ ቢወድቅ አራት ፎቅ ይሰማል። እኔ ምንም አልሰማሁም። ይኸውና እናቴ ያለችው አልኩ፤ ጫማ ነበር፣ አሁን ስልክ ሆነ።

በዚያው ምሽት ልጃቸው ፍራሿን ይዛ እኔ ክፍል መጣች። የእኔ ክፍል ይሞቃል አለችኝ። ረቡዕ ጠዋትም ሥራ ቀርታ እስከ ኮሌጅ ሸኘችኝ፤ መሸኘት ብቻ አይደለም፣ እስክወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ባንክ የለም ወይ ዛሬ ብላት ፈቃድ ወሰድኩ አለች። ለእኔ ሲባል ፈቃድ የሚወስድ ሰው ምን ሊያተርፍ ነው? እስረኛና ፖሊስ መስለን ነው በሜክሲኮ ያለፍነው።

መታወቂያዬን የተቀበልኩት ያን ዕለት ነው። ከማሽኑ እንደወጣ ይሞቅ ነበር። ገለበጥኩት። «ይህን ካርድ ያገኘ ለኮሌጁ ይመልስ» ይላል። እሱን ለአባቴ ለማንበብ ቸኩዬ ስልኳን እንድታውሰኝ ለመንኳት። ኢንተርኔት የለውም አለችና ፊቷን ወደ ታክሲዎቹ አዞረች። ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል።

ማታ እትዬ ጥብስ አቀረቡልኝ። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ልከው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ያስመጡት ነው፤ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አሳዩኝ። እሳቸው ግን አልነኩትም። ልጃቸውም አልነካችውም። ሁለቱም ክንዳቸውን አጥፈው አፌን አፌን ያያሉ። ረቡዕ የክርስቲያን ጾም መሆኑን ከየት ልወቅ? የሆነ ነገር ጨምረውበታል፣ አስተኝተው ሊመነጥሩኝ ነው አልኩ። ብርቱ ረሃብ ቢኖርብኝም ሳህኑን ገፋሁት።

«በሞ...» ብለው ጀመሩና ቃሉን ዋጡት። «ብዪ ልጄ። ባዶ ሆድሽን አትደሪ።»

«ስልኬን ስጡኝና እበላለሁ» አልኩ። «አልተሰበረም። አውቃለሁ አልተሰበረም። አባቴ ይጠብቀኛል፣ ይኼን ካርድ ላሳየው ቃል ገብቻለሁ። እርስዎ ሌባ ነዎት።»

ሌባ የሚለውን ቃል እናቴን ለሚያህል ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጃቸው ብድግ አለች። እትዬ እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«እሺ ልጄ፣ ሌባ ነኝ» አሉ። «አሁን ብዪ።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? በላሁ። በልቼም መኝታዬ ላይ ሆኜ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚጥለኝ ብዬ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሹክሹክታ ነቃሁ። የልጃቸው ፍራሽ ባዶ ነው። በሩን ትንሽ ከፈት ሳደርግ መግቢያው ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የወንድ፣ የሴት፣ ብዙ ጫማ። ፓስፖርቴን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩ፣ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሳሎኑ ሙሉ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ የሐዘን አለባበስ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእድሩ ጸሐፊ መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰውዬ አለ፤ የእናቴ አፍንጫ ፊቱ ላይ ተቀምጧል። በፎቶ ብቻ የማውቀው የኮምቦልቻው አጎቴ ነው።

«ማንም እንዳይነካኝ» አልኩ። አገር በመጣሁ በሰባተኛ ቀኔ ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት የመጀመሪያው ንግግር ይኼ ነው።

አጎቴ ተነሳ። «ሻንጣውን አስቀምጪው፣ ልጄ» አለኝ። «አባትሽ ማክሰኞ ጠዋት አርፏል። እዚያው ቀብረውታል።»

ከኋላዬ የያዙኝ እጆች የእትዬ ነበሩ። ዓረቦቹ «ከዓይን ላይ ኩል ይሰርቃል» የሚሉት ዓይነት እጅ ነው ብዬ ስጠብቃቸው የሰነበትኩት እጆች።

መጀመሪያ የመጣብኝ ልቅሶ አይደለም፣ እፍረት ነው። ለካ በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ ባዶ ሆዱን ላደረ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ሲነጋጋ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እናቴ ማክሰኞ ለእትዬ ደውላ፣ እትዬ ለአጎቴ ደውለው፣ እሱ ረቡዕ መንገድ ላይ ውሎ ጎረቤት ቤት አድሯል። እስከዚያ ድረስ ድንገት ከስልኬ ላይ እንዳላነበው ነው የተሰረቅሁት። ስልኬ ከእትዬ ጉያ ወጣ፤ አንድ ጭረት የለውም።

የሻንጣዬን ክር፣ ሽንኩርቱን፣ ደረጃውን፣ ሥጋውን፣ ሁሉን ጠርጥሬያለሁ። አንዱን ብቻ አልጠረጠርኩም። ማክሰኞም ረቡዕም ማታ እትዬ «አባትሽ እንዴት ዋሉ?» አላሉኝም።

አረፋፍዶ፣ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ሲተከል፣ ጸሐፊው ሳሎን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የሟችን ስም ለእድሩ መጻፍ አለባቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጼን ፈለጉ፣ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ እንደገና ወደ መዝገቡ አዩ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ በእሑድ ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «አባት፦ የሉም» ይላል። የሚታረም ነገር አልነበረውም።

ካርዱ አንገቴ ላይ ነው፣ በጀርባው ዞሯል። ቀና ብዬ የእትዬን መኝታ ቤት መጋረጃ አየሁ። ገለጥ ይላል ብዬ ብዙ ጠበቅሁ።