ከዛፍ ሳይወርድ የማይበስል

አክስቴ ካረፈች ሳምንት ሆናት፤ ሺቫውን፣ የሰባት ቀኑን ለቅሶ፣ ትናንት ጨረስን። እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ በወሬ የሚበልጠኝ የለም፣ ስለሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ።

ከሕንፃችን ጀርባ ያለውን አቮካዶ የተከለችው እሷ ናት። መጀመሪያ ያፈራ ጊዜ እንደ ኮክ ዛፉ ላይ ይለሰልሳል ብለን፣ ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ በአውራ ጣት እየተጫንን ጠበቅን። ድንጋይ! እኔ፣ ሁሉን ነገር ከስልኬ የተማርኩት ሊቅ፣ "እትዬ፣ ይሄ ዘሩ የተበላሸ ነው፣ ይቆረጥ" አልኳት። እሷ አንዱን ቀጥፋ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከሳምንት በኋላ ቅቤ ሆኖ አገኘነው።

"አየህ? ከእናቱ ካልተለየ አይበስልም! የፈጣሪ ሥራ እኮ ነው!" አለች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስካሁን ይገርመኛል። የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ "ስቡ ለልብ ጥሩ ነው" ካለቻት ወዲህማ ዳቦ ያለሱ አትቀምስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉራ በነዛሁ ቁጥር "ተው አንተ ልጅ፣ ገና ዛፍ ላይ ነህ" ትለኛለች። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ እኮ ነው!

ሆስፒታል በገባች ዕለት የቀጠፈችው ፍሬ መስኮቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ትናንት ለቀስተኛው ሲሄድ ጫን አልኩት፤ በስሏል። ቆርጬ በጨው በላሁትና "እትዬ፣ እኔ ባልጠብቀው ይበሰብስ ነበር!" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

"ገና ዛፍ ላይ ነህ" የሚለኝ የለም።

ወርጃለሁ መሰለኝ፣ እትዬ።