የጾሙ ቢላዋ

ፊልሙን የመረጠችው የቤት ጓደኛዬ ናት፤ ይሄንንም አልረሳሁላትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ በረዶ እየወረደ፣ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር በተከራየነው ቤዝመንት አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተን አየነው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት አብረው የሚኖሩ ሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ በጫማ ማስቀመጫ ተናቆሩ፤ ቀጥሎ ሁለቱም አንዲት የሥራ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ፤ መጨረሻ ላይ አንደኛዋ መቀስ አነሳች። እኔ ትራስ ነክሼ ሳይ የቤት ጓደኛዬ ፈንዲሻዋን ትቆረጥማለች።

እኛም አንዲት የሥራ ቦታ ላይ ዓይናችንን ጥለን ነበር። የምንሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ አንድ ሱፐርቫይዘር ፈልጎ ሁለታችንም አመለከትን፤ ኢንተርቪውም ለሐሙስ ተያዘልን። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ ትሕትና ብቻ ሆነ። ካልጋሪ ስገባ ኤርፖርት የተቀበለችኝ እሷ ናት። ሥራውን እፈልገው ነበር፤ እሷን ግን ማጣት አልፈልግም። ፊልሙ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ። ኮቴዋን ስሰማ እንኳ ዘወር ብዬ እጇን አያለሁ።

እሑድ ከቸርች ስመለስ ቢላዋዋ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ ነን። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሥጋ የነካው እንዳይነካባት ብላ ለአትክልቷ የምትለየው ቢላዋ ነው። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም አንስቼ ፍራሼ ሥር ከተትኩት። ፈሪ ለእናቱ!

ሰኞ ቲማቲም ይዛ ቆማ ቀረች።

«ቢላዬስ?»

«እኔንጃ።»

«ሥጋ ቆረጥሽበት አይደል? ኢትስ ኦኬ፣ ሌላ እገዛለሁ። ብቻ ንገሪኝ።»

ይሄንንማ አልሸከምም ብዬ ሄጄ አመጣሁት። የክፍሌ በር ክፍት ስለነበር ከየት እንዳወጣሁት አየች።

«ፈርተሽኝ ነው?»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ብትስቅብኝ ምናለ! አልሳቀችም። አፈርኩ።

«አፕሊኬሽኔን ካንስል ላድርገው» አልኳት።

«እንዳታደርጊው! ዕድሜ ልኬን ባለዕዳሽ ልታደርጊኝ ነው?»

ሐሙስ ለኢንተርቪው በእሷ መኪና አብረን ሄድን። ሬዲዮ የከፈተ የለም። ፓርክ አድርጋ ወደ እኔ ዞረችና «ኮሌታሽ ታጥፏል» ብላ እጇን ወደ አንገቴ ሰደደች።

ደንግጬ በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «በይ ግቢ፣ ሰዓትሽ ደርሷል» አለችኝ።