በባትሪ ድንጋይ የተመዘነ ጥይት

ቡራዩ በምኖርበት ቤት ጣሪያ ላይ የሰፈር ልጆች የወረወሩት ድንጋይ አርፎ ቆርቆሮው «ጓ» ባለ ቁጥር ባለቤቴ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ እየተቆጣ ይወጣል፣ እኔ ግን ባለሁበት ፈገግ ብዬ እቀራለሁ፤ ይህ ጠባዬ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። እሱ ጣሪያው ተበሳ ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ የምትታየኝ ሱሉልታ ውስጥ ከገብስ ማሳችን ማዶ ጫፍ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ የዘይት ጣሳ ናት። ያቺ ጣሳ ስትጮህ ገብሱ ላይ የሰፈረው ወፍ ሁሉ ብድግ ብሎ ይበር ነበር፣ እኔም ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።

ሁለቱን ምን አገናኛቸው ለሚል፣ ነገሩ ከአባቴ ይጀምራል። አባቴ ታደሰ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመ ገበሬ ነበር፤ ለምን እንዳቆመ ሲጠየቅ «እኔን ያስቀረኝ ወፍ ነው» ይል ነበር፣ ሰውም ቀልድ ይመስለው ነበር። ቀልድ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ገብስ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ወፉ እየተንጋጋ ይወርድበታል፣ ስለዚህ ከጥቅምት አንስቶ እስኪታጨድ ድረስ ከየቤቱ አንድ ልጅ ከክፍል ጠፍቶ ማሳ ለማሳ እየሮጠ ሲጮህ ይውላል፣ ሲመለስም ጓደኞቹ በትምህርት ርቀውት ይጠብቁታል። አባቴ በልጅነቱ ያ ልጅ ስለነበር፣ እኔ ብቸኛ ልጁ ስወለድ ለወፍ ብሎ አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ላያስቀረኝ ምሎ ነበር። መሐላውን የሚጠብቅለት ደግሞ ወንጭፉ ነበር። ከማሳው በአንደኛው ጫፍ በእንጨት በሠራው ማማ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለውን ወፍ በጩኸት ሲያባርር ይውላል፣ ድምፁ የማይደርስበትን ማዶውን ደግሞ በወንጭፍ ጣሳዋን መትቶ ያስደነግጠው ነበር። እናቴ ገበያ፣ እኔ ትምህርት ቤት፣ እሱ ማማ ላይ፤ ሦስታችንም በአንዲት ጣሳ እንኖር ነበር ማለት ይቻላል።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ በነበረው ጥቅምት ግን ጣሳዋ ዝም ማለት አበዛች። ቀድሞ ከሦስት አንዴ ቢስት የሚያፍር ሰው፣ አሥር ወርውሮ አንዴ ካገኘ ደስ የሚለው ሆነ፣ በዚያ ዓመትም ማዶ ያለውን ገብስ ወፍ ጨረሰብን። አባቴ መጀመሪያ በነፋሱ ላይ፣ ቀጥሎ በወንጭፉ ገመድ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ደግሞ በባሕር ዛፉ ማደግ ላይ አላከከ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው፣ ሲያሰላስል ሰንብቶ ጥፋተኛውን አገኘሁት አለ። ጥይቱ ነው።

ጥይት የምንለው ከወንዝ ዳር በምናመጣው ጥቁር ጭቃ እያድቦለቦልን የምንሠራውን፣ እንቁላል የሚያህል ኳስ ነበር፤ ጥላ ላይ ይደርቅና ፍም ውስጥ ተቀብሮ እስኪጠነክር ይጠበሳል። አባቴ እንደሚለው አንዱ ጥይት ከባድ፣ ሌላው ቀላል ከሆነ ክንድ በየውርወራው ግራ ይጋባል፣ ስለዚህ ሁሉም እኩል መመዘን አለበት። እናቴ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጥባት ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ነበረቻት፤ እሷን ተውሶ፣ በአንደኛው ሰሃን ከራዲዮናችን ያወጣውን አንድ የባትሪ ድንጋይ አስቀምጦ፣ በሌላው ጥይቶቹን ተራ በተራ እየጫነ፣ ከባትሪው የሚከብደውን፣ የሚቀለውንና እኩል የሆነውን በሦስት ቅርጫት ይለይ ጀመር። የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ራዲዮው ዝም ስላለ ቤቱን የሞላው የሁለታችን ክርክር ነበር፤ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ይቀላል ወይስ አይቀልም እያልን ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር፣ እንደዚያ የተደሰትኩበት ክረምትም አላስታውስም።

ሦስት ቀን ሙሉ መዝነን እንደጨረስን እናቴ ከገበያ ገብታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አንዱን ጥይት አንስታ ጨመቅ ብታደርገው አውራ ጣቷ ስምጥ አለ። ለካ እርጥቡን ነበር የመዘንነው። በነሐሴ መጨረሻ ደርቆና ተጠብሶ እንደገና ሲመዘን፣ እኩል ነው ካልነው ግማሹ ሌላ ቅርጫት ውስጥ ገባ። እናቴ ለሳምንት ያህል እኛን ባየች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። አንዲት ደንበኛ በርበሬሽ አፈር አፈር ይላል ብላ የመለሰችባት ዕለት ግን ሳቋን አቁማ ሚዛኗን ደበቀችው፤ ደግነቱ ሥራችን አልቆ ነበር።

መስከረም ላይ ስድስተኛ ክፍል ተመዘገብኩ፣ ጥይቱም በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሞከረ። ምስክር ሆነው የመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ ነበሩ፤ አባቴን በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ጨዋታ ከአፋቸው የማይጠፋ ሰው። የሚዛኑን ነገር ሲሰሙ፣ «ታደሰ ኮ፣ ጣሳ የሚመታው ክንድ ነው እንጂ ሚዛን ነው እንዴ?» አሉት። አባቴ ማማው ላይ ወጥቶ አሥር ከተመዘነው፣ አሥር ካልተመዘነው ወረወረ። ከተመዘነው ሁለት አገኘ፣ ካልተመዘነው ሦስት። እኔ ቆጥሬ ስናገር አባቴ፣ ያልተመዘነው በየአቅጣጫው ነው የሳተው፣ የተመዘነው ግን ሲስት እንኳ በአንድ በኩል ነው የሚስተው፣ ይኼ ራሱ ቀላል ለውጥ አይደለም ብሎ አስረዳን። ኦቦ ጉደታ ወንጭፉን ተቀበሉት፣ ወገባቸውን ይዘው ከመንገድ አንድ ድንጋይ አነሱ፣ ወረወሩ፣ ጣሳዋም ጮኸች። አባቴ «ዕድል ነው» አላቸው፣ እሳቸውም ዕድል መሆኑን አምነው ቁርስ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ። እኔ በነገሩ ስስቅ ዋልኩ፤ ያ ድንጋይ ሚዛን የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ያሰብኩት ቆይቼ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ወፉ መጣ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ በመጀመሪያው ሳምንት ለወፍ ጥበቃ ቀረች፣ ዴስኩም ለእኔ ብቻ ሆነ። እናቴ አንድ ማታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ አንድ ወር ብቻ ብታግዝህ ምናለ ስትለው በበር በኩል ሰማሁ። አባቴ እስከ ሰኞ ታገሺኝ፣ የቀለለውን ቅርጫት ልሞክረው አላት። ስድስተኛ ክፍል መቀመጤ በዚያ ቅርጫት ላይ እንደተንጠለጠለ ያወቅኩት ያኔ ነው፣ በጣምም ፈራሁ።

ቅዳሜ ጧት አብሬው ማማው ላይ ወጣሁ። ሌሊቱን ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ ነበር። ማዶ ሳይ ባሕር ዛፉ ላይ ምንም የለም፤ ጣሳዋ ወድቃለች። ይህን ልነግረው አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ጥይቱን ወንጭፉ ላይ አድርጎ፣ አሽከርክሮ፣ ለቀቀው።

«አየሽ? ጆሮዋን ታክኳት አለፈ» አለኝ።

ሁለተኛውን ወረወረ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከሥሯ ነው ያለፈው አለ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ብናገር ሰኞ ማማው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ስለዚህ «አዎ አባዬ፣ ለትንሽ ነው» አልኩት። ለእሱ አዝኜ ነው የዋሸሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ለራሴ ብዬ ነበር።

ውሸቴ አባቴን አደፋፈረው። ቢያንስ አንዱ ሳይነካት አይቀርም፣ ምልክቱን እንየው ብሎ ወረደ፣ እኔም እግሬን እየጎተትኩ በማሳው ዳር ተከተልኩት። ጣሳዋ ጤዛ የያዘው ሣር ላይ ተጋድማ ሊረግጣት ምንም አልቀረውም። አነሳት። ሆዷ ላይ ቀንድ አውጣ ተጣብቆባት ነበር።

«መቼ ወደቀች?»

«ሌሊት መሰለኝ፣ አባዬ።»

«ከማማው ላይ ሆነሽ አይተሽ ነበር?»

«አዎ።»

ቀንድ አውጣውን ቀስ ብሎ አላቆ ሣሩ ላይ አኖረው፣ ጣሳዋን በጋቢው ጫፍ ጠረጋት፣ ባሕር ዛፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እኔ እንባዬ ወርዶ ነበር። «አታልቅሺ» አለኝ፣ «ሰኞ ትምህርት አለሽ።»

በማግስቱ የአህያውን፣ የበሬዎቹንና የድርቆሹን ገመድ ሁሉ ሰብስቦ አንዱን ከአንዱ እየቀጣጠለ፣ በባላ እንጨት ላይ እያሳለፈ ከማማው እስከ ባሕር ዛፉ ዘረጋው። በክረምት የመዘንናቸውን ጥይቶች እፍኝ እፍኝ አድርጎ ጣሳዋ ውስጥ ከተተና ባሕር ዛፉ ላይ መልሶ ሰቀላት፤ ገመዱ ሲሳብ ጣሳዋ እየተንኳኳች ወፉን ታተራምሰው ጀመር። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ግን በእኛ ሰፈር ገመድ እየሳበ ወፍ የሚያባርር አቅመ ደካማ ወይ ሕፃን ነው፤ የወንጭፍ ጌታ የሚባለው ታደሰ ገመድ ይዞ መቀመጡን ለማየት መንገደኛ ሁሉ ይቆም ነበር። ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ኦቦ ጉደታ ከመንገዱ ላይ ሆነው፣ ደብሩ ደወል ደዋይ ሲፈልግ አንተ እዚህ ነህ ለካ እያሉ ያስቁበት ነበር። አባቴ ገመዱን እየሳበ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰላቸው።

«ዓይኔ አያይም፣ ኦቦ ጉደታ። ልጄ ግን ትምህርቷን ትማራለች።»

 በማግስቱ ኦቦ ጉደታ ከቤታቸው አንድ ጥቅል አዲስ ጠፍር አምጥተው፣ ያንተ ገመድ ቋጠሮው በዝቷል ብለው አብረውት ቀየሩት።

በኅዳር ማዶው ያለው ገብስ ሳይጎድል ታጨደ፣ እኔም አንድ ቀን አልቀረሁም። ዛሬ ማሳችን ላይ ቤት ተሠርቶበታል፣ አባቴም የዓይን ሞራው ከተነሣለት ወዲህ መነጽር አድርጎ ቡራዩ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ የሳተው ዓይኔ ነው እንጂ ጥይቶቹ ልክ ነበሩ እያለ ይከራከረኛል። የሒሳብ መምህር ሆኜም ላስተባብለው አልቻልኩም፤ ኢላማው ለማይታየው ሰው የጥይት ሚዛን መጥቀም አለመጥቀሙን በምን ይለዩታል?

ባለፈው ሰሞን ልጄ የኮምፒውተር ትምህርት የቤት ሥራዋን ይዛ አሳዪኝ አለችኝ። መጽሐፉ አይነበብም አልኩ፣ አስተማሪሽ በደንብ አላብራራም አልኩ፣ መብራቱንም ደብዛዛ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስቀየርኳት፣ ልጅቷም ደብተሯን ይዛ ታየኝ ነበር። በመጨረሻ «አላውቀውም» አልኳት፣ ከዚያም ከስልኳ አብረን መፈለግ ጀመርን። አባቴ «ዓይኔ አያይም» ያለው መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው፤ እኔ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ለገዛ ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ።