ሰላም የማትል እህት

እህቴን ሚጢ እንላታለን። ዛሬ ስሟ ፊት «ዶክተር» ተጨምሮላት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የራሷ ጠረጴዛና የራሷ ተማሪዎች ቢኖሯትም ለእኔ ያው ሚጢ ናት። እናታችን ስታርፍ የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር። በዚህች የስፌት መኪና ቀሚስ እየሰፋሁ፣ ሱሪ እያሳጠርኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታዬን ለመቁጠር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመቁጠርም ነው።

ልጅ ሆና አንድ ክፉ አመል ነበራት፤ መንገድ ላይ ሰላም አትልም። ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች እልፍ ነው። «ያቺ ኩራተኛ እህትሽ» እያሉ ጆሮዬን አደነቆሩት። አክስታችንማ «ስንት ቀን ያዘልኳት ልጅ እንደ ግንድ አለፈችኝ!» ብላ አኮረፈች። እኔ ደግሞ ቱግ ማለት ይቀናኛል። «ሰላምታ የእግዜር ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ የምትነፍጊው!» ብዬ ጮህኩባት። ምክሬ ሠራ፤ አወይ መሥራት! ከዚያ ወዲያ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ትል ጀመር። የማናውቀውን መንገደኛ፣ መብራት የሚቆጥረውን ሰውዬ፣ አንድ ቀን ደግሞ ልብስ ቤት በር ላይ ሱፍ ለብሶ የቆመውን አሻንጉሊት «እንደምን አደሩ» አለችው። አብሬያት ነበርኩ፤ በሳቅ ልሞት!

አድጋ ምን ብታጠና ጥሩ ነው? ኮምፒውተርን ማየት ማስተማር! ካሜራ ያነሳውን ኮምፒውተሩ አይቶ ይህ ዛፍ ነው፣ ይህ መኪና ነው፣ ይህ የእከሌ ፊት ነው እንዲል ማድረግ ነው ሥራዋ። ለመመረቂያዋ የመረጠችው ደግሞ ፊቱን ነው። የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሥር የእሷ ኮምፒውተሮች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ፤ በሌላው በኩል አንዲት ሳይኮሎጂስት ተዳብላለች፤ የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያይ የምታጠና፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሴት። ሲከራከሩ ይውላሉ። «ሰው እንዴት እንደሚያይ ሳታውቂ ማሽን አታስተምሪም» ትላታለች። «ማሽኑ ሲሳሳት አይደል እንዴ ሰውን የምናውቀው» ትላለች የኔዋ።

አንድ ቀን ሳይኮሎጂስቷ ፎቶዎች አዘጋጀች፤ ፀጉሩም ልብሱም ተቆርጦ ፊት ብቻ የቀረበት ፎቶ። ኮምፒውተሩም ሚጢም እኩል ይፈተኑ ተባለ። ከፎቶዎቹ መሀል የኔ ነበረበት። ሌላ ፎቶዬን ቀድሞ ያየው ኮምፒውተር ለየኝ። ሚጢ «ይቺን ሴት አላውቃትም» አለች።

እያለቀሰች ቤት መጥታ ነገረችኝ። ለካ ከተወለደች ጀምሮ የሰው ፊት አይለይላትም! ዓይኑን ታያለች፣ አፍንጫውን ታያለች፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አይመጣላትም። ሰው ሁሉ እንደ እሷ እየተቸገረ የሚኖር ይመስላት ነበር። የኔ ምስኪን፣ አንጀቴን በላችው። እንባዋን ጠርጌላት ስታበቃ ግን አላስችል አለኝ።

«ታዲያ እኔንስ በምን ታውቂኛለሽ?»

«በድምፅሽ። በመነጽርሽ። አንገትሽ ላይ በሚንጠለጠለው ሜትር። ደግሞ እኮ እትዬ፣ እዚህ ቤት ካንቺ ሌላ ማን ይሆናል?»

ሌላ ማን ይሆናል! እሷ እንደ ቀላል ነገር ተናገረችው፤ እኔ ግን ሳብሰለስለው አደርኩ። ድምፄ ቢዘጋ፣ መነጽሬን ባወልቅ፣ ሜትሩን ባስቀምጥ፣ ለዚች ልጅ መንገደኛ ነኝ ማለት ነው? እኔን፣ ራሴን፣ የምታውቅበት አንዲት ነገር እንኳ የላትም? ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር የልጅ ቅናት ይመስላል።

በኋላ ሚጢና ሳይኮሎጂስቷ ከአንድ የፊዚዮቴራፒ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና፣ ባለሙያ ጋር ሌላ ሥራ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ የሰው አረማመድ አይቶ፣ አዛውንቶች ወድቀው ከመሰበራቸው በፊት ለሐኪም እንዲጠቁም ነው አሉ። ለዚህ በየዕድሜው ያለ ሰው ሲራመድ መቅረጽ ያስፈልጋል። ሳይኮሎጂስቷ ደውላ «ነይልን፤ ለሚጢ ግን እንዳትነግሪያት፤ ማን እንደተቀረጸ ማወቅ የለባትም» አለችኝ።

ሄድኩ። ጥቁር ጥብቅ ልብስ አለበሱኝ፤ ብብቱ ላይ ስፌቱ ተጣሟል፤ ይህንንም ሳልናገር አላለፍኩም። ትከሻዬ፣ ክርኔ፣ ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚያበራ ነጥብ ለጠፉብኝ። መነጽርሽ ያንጸባርቃል፣ ሜትርሽ ነጥቡን ይሸፍናል ብለው ሁለቱንም አስወለቁኝ። ካሜራው የሚያየው ነጥቦቹን ብቻ ነው፤ ፊት የለ፣ ቀሚስ የለ። «እንደ ወትሮሽ ተራመጂ» አሉኝ፤ ወዲያና ወዲህ አልኩላቸው።

ጨርሼ ጥግ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሚጢ ገባች። አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ «እንደምን ዋሉ እማማ» ብላኝ አለፈች። አንቱ አለችኝ! እማማውስ ከየት መጣ! ሳይኮሎጂስቷ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ።

ስክሪኑ ተከፈተ። ጨለማ ላይ ነጥቦች ሰው ሆነው ይሄዳሉ፤ ኮምፒውተሩ ከሥር ግምቱን ይጽፋል፤ «ሴት፣ አዛውንት»፣ «ወንድ፣ ጎልማሳ» እያለ። ከዚያ የኔ ነጥቦች መጡ። ከሥራቸው ምን ቢጻፍ ጥሩ ነው? «ወንድ፣ ወጣት»። የፊዚዮቴራፒው ሰውዬ ወደ እኔ አየና ሳቁን ዋጠ።

ሚጢ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። «የምን ወንድ! እትዬ ናት እኮ! እትዬን ማን አመጣት? የታለች?»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት ሳይኮሎጂስቷ።

«ትቀልጃለሽ? ትምህርት ቤት ስንለቀቅ በሩ ላይ የሁሉም እናት ፊት ለኔ አንድ ነበር። ልጁ ሁሉ ወደ እናቱ ይሮጣል፤ እኔ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም። ከዚያ በመንገዱ ጫፍ አንዲት ሴት እንዲህ፣ ልክ ልትጣላ እንደመጣች ሰው ስትገሰግስ አይና፣ ተመስገን፣ የኔዋ መጣች እላለሁ። ይሄን አረማመድማ ሞቼም አልረሳው።»

እኔ እዚያው ጥጌ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። «ታዲያ ቅድም እማማ ያልሽው ማንን ነው?» አልኳት። በድምፄ ዞረች፤ አፏን በእጇ ያዘች። «ተቀምጠሽ ነበራ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ግማሹ ነጥብ ሹራቧ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

አሁን ከቤት ውጭ ስንቀጣጠር ቆሜ አልጠብቃትም። ወዲያ እሄዳለሁ፣ ወዲህ እመለሳለሁ፤ ሰው አበደች ቢለኝም ይበል። ያቺ ሰላም አትልም የተባለች ልጅ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ «እትዬ!» ብላ ቀድማኝ እጇን ታነሳለች።