ሰማንያ እርምጃ ከነዘፈኑ

ሰውየው ቁጥር አይበረክትለትም። ከሜዳው ዳር ተነሥቶ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ሃያ ሦስት ሲደርስ፣ አንዱ መንገደኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል። «ደህና፣ አንተስ? ልጆቹስ?» ብሎ ሲመለስ ሃያ ሦስቱ በኖ የለም። እንደገና ከዳር። ዘፈን ግን እንዲህ አያደርገውም። ዘፈን መሃል ላይ ቢያቋርጡት እንኳ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጌታው ሱቅ ገብቶበት በር ላይ እንደ ተቀመጠ ውሻ፣ ካቆመበት ተነሥቶ ይከተላል።

ስለዚህ ኖራው የእግር ኳስ ሜዳውን ስፋት የሚለካው በዘፈን ነው። ኖራው ያሉት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ጫማውና ቅንድቡ ዓመት እስከ ዓመት ነጭ ስለሆኑ። ዘፈኑ ሃያ ስንኝ አለው፤ ለእያንዳንዱ ስንኝ አራት እርምጃ። የመጨረሻዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ ችካል ይተክላል፣ ክር ይወጥራል፣ ታችዋ በተበሳ ጣሳ ኖራውን እያራገፈ መስመሩን ያሰምራል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ወደ ክለቡ የመጣው በሃያ ሰባት ዓመቱ ተጫዋች ሊሆን ነበር። ሁለት ጊዜ ተሰልፏል። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ አልነካም። በሁለተኛው ነካ፤ ኳሷም ወደ ራሱ ጎል ገባች። በማግስቱ የያኔው አሠልጣኝ ትከሻውን አቅፈው፣ «የኔ ልጅ፣ አንተ ሜዳውን ትወደዋለህ፤ ሜዳው ግን ለሌላ ሥራ ነው የሚፈልግህ» አሉና የኖራውን ባልዲ አስጨበጡት። የመለኪያው ሜትር የጠፋው በዚያው ሰሞን ነው። አሠልጣኙ እርምጃውን በአናጢ ማስመሪያ ለኩና «ልክ ሰማንያ ሳንቲ! አንተ እያለህ ሜትር ምን ያደርግልናል?» አሉ። በዕድሜው ከተባለለት ነገር ሁሉ ደስ ያለው ይኼ ነው። ሚስቱ «እሺ፣ አገባሃለሁ» ስትለው እንኳ እንዲህ አልተደሰተም፤ ይህን ግን ነግሯት አያውቅም።

የዘፈኑ ጉዳይ የክለቡ ታሪክ ነው፤ የገጠመው ራሱ። ክለቡ ሌላ ታሪክ የለውም። ቃለ ጉባኤው አንድ ክረምት ጣሪያ አፍስሶበት ገንፎ ሆኗል፤ የሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ የቀሩት ሁለት ፎቶግራፎችና የማይጮህ ፊሽካ ናቸው። ታሪኩ ያለው በኖራው አፍ ነው፤ ያውም ሲራመድ ብቻ። ቁጭ ብለህ አጫውተን ቢሉት ይጠፋበታል።

የመጀመሪያዋ እርምጃ ከሸክላ ፋብሪካው በር ትነሣለች፦

ሸክላ ተሸካሚ፣ ከሥራ ሲወጣ፣
ኳስ ፍለጋ ሄዶ፣ ክለብ ይዞ መጣ።

ሜዳው ያን ጊዜ ጥሬ ሸክላ ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ነበር። ሠራተኞቹ ሸክላውን ወደ ዳር ገፍተው መጫወት ጀመሩ፤ ፋብሪካው መልሶ ቢገፋ እነሱም መልሰው ገፉ፤ በመጨረሻ የደከመው ፋብሪካው ነው። የመጀመሪያው ማልያቸው ነጭ ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ፦

ነጭ ማልያ ለብሶ፣ ገባ እንደ ሙሽራ፣
ሲወጣ ቀይ ሆኗል፣ ጭቃ ላይ ሲሠራ።

ሦስት ጊዜ ታጥቦ እምቢ ሲል «በቃ፣ ቀለማችን ይኼ ነው» ተባለ፤ ስማቸውም ሸክሎቹ ሆነ። ኖራው መሃል ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እዚያ የሚዘፈነው የተከላካይን ጫማ በፊቱ ተቀብሎ ኳሷን በግንባሩ ስላስገባው አጥቂ ነው፤ ሰውየው ዛሬም የጫማ ሱቅ አለው፦

ሁለት ጥርሱን ከፍሎ፣ አንዲት ጎል ገዛና፣
እስከ ዛሬ ይስቃል፣ በባዶው ጎዳና።

እንዲህ እያለ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሸክሎቹ በሜዳቸው አለመሸነፋቸውን አወድሶ፣ ከወዲያኛው ዳር ሲደርስ ይዘጋዋል፦

እዚህ አለቀልኝ፣ ዘፈንና ሜዳ፣
ከዚህ የወጣ ኳስ፣ ይወስዳል እንግዳ።

ዘንድሮ ሸክሎቹ ከፍ ወዳለው ሊግ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀራቸው። እሁድ ነው፣ በሜዳቸው፤ አቻ ቢወጡ ይበቃቸዋል። ሰኞ ዕለት የሊጉ ታዛቢ ትልቅ ጥቅል ሜትር በትከሻው አንጠልጥሎ መጣ።

«ሜዳውን የሚያሰምረው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በምን ይለካሉ?»

«በእግሬ፤ በዘፈን።»

ሊቀ መንበሩ ሳል ያዘው። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነውና ለሳል የሚሆን ነገር ከኪሱ አይጠፋም፤ ይህኛው ሳል ግን የእፍረት ስለሆነ መድኃኒት አልነበረውም።

«እስቲ ይዝፈኑልኝ» አለ ታዛቢው።

ኖራው ኮፍያውን አስተካክሎ ተነሣ። ከሸክላ ፋብሪካው በር ጀምሮ፣ በጥርሱ ጎዳና አልፎ፣ የመጨረሻዋን ቃል ልክ በመስመሩ ላይ አሳረፋትና ዞር ብሎ ፈገግ አለ። በፀጉር ስፋት እንኳ አልሳተም። ከዚያ ታዛቢው ሜትሩን ዘረጋ።

«ሃምሳ ስምንት ሜትር ከአርባ። ዘፈኑ እንከን የለውም፣ አባቴ። ሜዳው ግን ስልሳ አራት መሆን ሲገባው አምስት ሜትር ከስልሳ ይጎድለዋል።»

«አይሆንም! ሰማንያ እርምጃ በሰማንያ ሳንቲ…»

ታዛቢው ከመስመሩ ወጣ ብሎ በጣቱ ወደ ሣሩ ጠቆመ። የድሮ ኖራ ያቃጠላቸው ገርጣ ያሉ ሰረዞች አንዱ ካንዱ ስንዝር እየራቁ ተደርድረው ነበር፤ ግንድ ሲቆረጥ እንደሚታየው ቀለበት። ኖራው የራሱን ዕድሜ እዚያ ተኝቶ አየው። ጉልበቱ በየዓመቱ ጥቂት ከእርምጃው ሲቆርጥ፣ መስመሩም ተከትሎት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከተማው በሙሉ ደግሞ ከሜዳው ጋር አብሮ ስለጠበበ ማንም ልብ አላለም።

«እሁድ ጠዋት መጥቼ እለካለሁ፤ ካልሞላ ጨዋታው በእንግዶቹ ሜዳ ይሆናል» ብሎ ታዛቢው ሄደ።

ሊቀ መንበሩ የኖራውን ክንድ ያዘ። «ጋሼ፣ ከእሁድ በኋላ ባለ ጎማ ማስመሪያ እንገዛለን። እርስዎም… ይረፉ።»

ይረፉ። ለታመመ ሰው ሲባል ደግ ቃል ናት፤ ለኖራው ግን ባልዲውን ከእጁ የምትነጥቅ ቃል ነበረች።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ፀጉር ቤት ደርሶ ነበር። የሸክሎቹ የቀኝ ተከላካይ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ የግራ ክንፉ ፖስተኛ። ፖስተኛው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«እና ስምንት ዓመት ሙሉ እንግዳ ስናስተናግድ የነበረው በኮሪደር ነው በለኛ!» አለ ፖስተኛው።

«ያልተሸነፍነው እኛ አይደለንም፣ የጋሼ ጉልበት ነው! ዋንጫውን ጉልበታቸው ላይ እንሰቅላለን» አለ ፀጉር ቆራጩ፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ኖራውን በር ላይ ቆሞ አየውና መቀሱ አየር ላይ ቀረ። «ውይ፣ ጋሼ… ለጨዋታ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» ብሎ ኖራው አብሯቸው ሳቀ። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመበት። ባልዲውን ቢወስዱበት ግድ የለም፣ አንድ ቀን መወሰዱ አይቀርም። ግን ያ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ድል፣ ያንድ ሽማግሌ ጉልበት የፈጠረው ውሸት ሆኖ ሊቀር ነው?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ሲገባ በመኪናዋ ላይ አቀርቅራለች።

«አንቺ፣ እኔ አጥሬያለሁ?»

ቀና ሳትል «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ምን ማለት ነው ከመቼ ጀምሮ?»

«ሱሪህን በየሁለት ዓመቱ ማን መሰለህ የሚያሳጥረው? አይጥ?»

«እና አትነግሪኝም!»

«ደንበኛዬ ነህ። ደንበኛ በፊቱ አጠርክ ይባላል እንዴ?» መኪናዋን አቆመችና አየችው። «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

ሁሉንም ነገራት። አልሳቀችም፤ ከአንገቷ ሜትሯን አውርዳ ከጠረጴዛው እስከ በሩ አራመደችው። «ሰባ ሦስት። ምንም አልሆንክም፤ ለጉልበትህ እየሳሳህለት ነው እንጂ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሚስት የስፌት ሜትሯን፣ ኖራው ችካሉን ይዘው ሜዳ ወረዱ። ሜትሯ አንድ ከሃምሳ ብቻ ስለነበረች ሣሩ ላይ መርፌ እየሰኩ፣ እየነቀሉ፣ እየተጨቃጨቁ ተሻገሩ። ለልምምድ የመጡት ተጫዋቾች ከበቧቸው።

«እትዬ፣ ሜዳውን ቀሚስ ሊያለብሱት ነው?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ለሜዳው ቀሚስ፣ ላንተ አፍ ዚፕ።»

ስልሳ አራተኛው ሜትር ላይ ችካሉ ሲተከል ኖራው አላስቻለውም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ በዘፈኑ ተነሣ። ዘፈኑ አሮጌው መስመር ላይ አለቀ። የቀረውን በዝምታ ተራመደው፤ ስምንት እርምጃ ሆነ። የሁለት ስንኝ ቦታ፣ ባዶ። አዲስ የተገዛ ቤት ውስጥ ዕቃ ያልገባበት ክፍል እንዳለ ሁሉ፣ ኮቴው ብቻ ይሰማው ነበር።

እሁድ ታዛቢው ለካ፤ ስልሳ አራት ሜትር ከአንድ ጣት። «ጣቷ ምርቃት ናት» አለችው ሚስት። ጨዋታው ተጀመረ።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ የእንግዶቹ ክንፍ ተጫዋች ኳሷን እየገፋ አሮጌውን መስመር አለፈ። ፀጉር ቆራጩ ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን አነሣ፦ ወጥታለች! ተመልካቹም በአንድ ድምፅ «ወጣች!» አለ። በረኛውም እጁን አነሣ። ኳሷ ግን አልወጣችም፤ ገና ስምንት እርምጃ ይቀራታል። እንግዳው ልጅ ሰው ሁሉ ለምን እንደቆመለት ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየና ኳሷን ወደ መሃል ላካት። ጎል። መላው ከተማ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

ኖራው ከባልዲው ጎን ተቀምጦ ምድር ብትውጠው በወደደ። «አየህ?» አለው ልቡ፤ «ሜዳህ ሲሰፋ ምን እንደሆኑ አየህ?» ግን ዓይኑ ሜዳው ላይ ነበርና ሌላ ነገርም አየ። የእንግዶቹ ቀኝ ተከላካይ ጢማም ሰው ነው፤ አሥር ዓመት ያህል በየዓመቱ ወደዚህ ሜዳ ተመላልሷል።

ለዕረፍት ሲወጡ ፖስተኛውን በማልያው ጎተተው። «ስማኝ ልጄ። ጢማሙ መስመሬን ከቤቱ በር ይበልጥ ያውቃታል። አሁን ጎን ስትቀያየሩ በዚያኛው ዳር ውጣበት፤ ከአሮጌው መስመር ውጭ።»

«ጋሼ፣ እዚያ ሮጬ አላውቅም እኮ።»

«እሱም ተከላክሎ አያውቅም። አንተ ፖስተኛ አይደለህ? አዲስ ሰፈር ነው በለው።»

ሰባኛው ደቂቃ ላይ ፖስተኛው ኳሷን ይዞ ወደ ዳር ከነፈ። ገርጣ ያለውን ሰረዝ ሲያልፍ ጢማሙ ጫማውን ተክሎ ቆመ፤ እጁን አነሣ፤ ለዳኛውም በኩራት አሳየ። ፖስተኛው ደብዳቤ እንደያዘ ሰው ዝም ብሎ አለፈው። ወደ መሃል ሲልካት ኳሷን በግንባሩ ያገኛት ማን ነው? በጥፋቱ አብዶ እስከ ፊት የወጣው ፀጉር ቆራጩ። አንድ ለአንድ። በዚያው አለቀ፤ ሸክሎቹ አለፉ።

ታዛቢው ወረቀቱን አጥፎ ኖራው አጠገብ መጣ። «አባቴ፣ አንድ ነገር ልበልዎት። ጠባቡ ሜዳ ለሁለቱም ቡድን እኩል ነበር የጠበበው። እንግዶቹ ሰፊ ሜዳ ይዘው አልመጡም።» ይህን ሲሰማ ኖራው ጉሮሮው ላይ የነበረችው አጥንት ወረደችለት።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ባልዲውን ራሱ አንጠልጥሎ ሜዳ መጣ። «ጋሼ፣ ማስመሪያው ይቅር። መጀመሪያ በሜትር፣ ከዚያ በዘፈን። ስምምነት?»

«የቀረውን ስምንት እርምጃ ስጨርስ እንስማማለን» አለ ኖራው።

ከሸክላ ፋብሪካው በር ተነሣ። ሚስቱ፣ ሊቀ መንበሩና ሁለቱ ተጫዋቾች ከኋላው ተከተሉ። አሮጌው ሰረዝ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሰበሰበና ቀጠለ፦

ሜትር ይዛ መጥታ፣ ሱሪ እንደምትለካ፣
ባል አጠረ አለች፣ ሜዳው ኖሯል ለካ!

«ያጠርከውስ አንተ ነህ!» አለች ሚስት።

«በዘፈን ውስጥ እኔ ነኝ የምወስነው።»

«ቆይ ጋሼ፣» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ «የኔ ጎልስ የት አለች?»

«ቦታ የለም። የሁለት ስንኝ ቦታ የተገኘው በሠላሳ አንድ ዓመት ነው።»

«እንግዲያው ፈጠን ብለው ያርጁልን! እጄን አንሥቼ የቆምኳትን ግን አደራ…»

«እሷን ነበር ላስቀድም ያሰብኩት» አለና ኖራው የመጨረሻዋ ቃል ባረፈችበት ቦታ፣ ልክ በመስመሩ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ተከለ።